ኃይሉ ኬንያ ሲሻገር የሁምቦ ወፍጮ ለምን ይቆማል?

ከወላይታ ሶዶ ወደ አርባ ምንጭ የሚወስደውን መንገድ ይዞ 17 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው የሁምቦ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችውን ጠበላን ያገኛል፡፡ ሁምቦ ከፍ ባለው አገር እንሰትና ቡና፣ ወደ አባያ ሐይቅ በሚወርደው ቆላ ደግሞ በቆሎ፣ ቦሎቄና ጥጥ የሚታፈስበት፣ ስኳር ድንችና ፍራፍሬ የማይታጣበት ወረዳ ነው፡፡ ገበሬው ያመረተውን ተሸክሞ ይወጣል፤ ነጋዴው ገዝቶ ወደ ሶዶ፣ ከዚያም አልፎ ወደ ሐዋሳና አዲስ አበባ ይጭናል፡፡ በመካከሉ ደግሞ ወፍጮው፣ ብየዳው፣ የእንጨት ሥራው፣ ፀጉር ቤቱ፣ ሻይ ቤቱና የለስላሳ መጠጥ ማቀዝቀዣው አሉ፡፡ እነዚህ ሁሉ የሚኖሩት በአንድ ነገር ነው፤ በመብራት፡፡

የመብራቱ ነገር ግን እንቆቅልሽ አለው፡፡ ከጠበላ ግማሽ ሰዓት በማይሞላ የመኪና መንገድ ላይ፣ ሶዶ አጠገብ፣ በአገሪቱ ካሉት ትልልቅ የኃይል ጣቢያዎች አንዱ ቆሟል፡፡ ታኅሣሥ 8 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀውና 1 ሺህ 870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የግልገል ጊቤ 3 ኃይል በ400 ሺህ ቮልት መስመር እየተሳበ የሚደርሰው እዚያ ነው፡፡ ከዚያው አካባቢ ተነስቶ 1 ሺህ 45 ኪሎ ሜትር ያህል የሚጓዘው የ500 ሺህ ቮልት መስመር ደግሞ እስከ 2 ሺህ ሜጋ ዋት ተሸክሞ ኬንያ ውስጥ ሱስዋ ድረስ ይዘልቃል፡፡ ኬንያ በዚህ መስመር ኃይል መግዛት የጀመረችው በኅዳር ወር 2015 ዓ.ም. ሲሆን፣ ውሉም ለ25 ዓመት የሚቆይ ነው፡፡

እንግዲህ ይህን ሁሉ ኃይል በደጁ የሚያሳልፍ አካባቢ የወረዳ ከተማው አምፖል ሲርገበገብ፣ የወፍጮው ሞተር ሲያቃስት ቢያይ “የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው” ቢል አይፈረድበትም፡፡ ተረቱ እውነት ነው፤ ምክንያቱ ግን ብዙ ሰው እንደሚገምተው አይደለም፡፡ የነገሩ ቁልፍ ያለው በግድቡ ላይ ሳይሆን ከግድቡ እስከ ቆጣሪው ባለው ሽቦ ላይ ነው፡፡

ሦስቱ ጨለማዎች

መብራት ሲጠፋ ሁሉም ሰው የሚለው አንድ ነው፤ “መብራት ኃይል ወሰደው፡፡” ነጋዴ ግን ጨለማውን ከጨለማ መለየት ቢችል ይጠቀማል፡፡ ምክንያቱም የጨለማው ዓይነት ሲለይ መድኃኒቱም፣ የሚቆይበትም ጊዜ ይለያል፡፡

አንደኛው የማመንጫ እጥረት ነው፡፡ ውኃ ሲያንስ ወይም ግድቡ ከፍላጎቱ ሲያንስ ኃይል በፈረቃ ይሆናል፡፡ አገሪቱ ይህን በ2001 ዓ.ም. አይታዋለች፤ የፈረቃው ጭንቀት የተነፈሰው ተከዜ፣ ጊቤ 2 እና ጣና በለስ በ2002 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምሩ ነበር፡፡ በግንቦት ወር 2011 ዓ.ም. ደግሞ የጊቤ 3 ግድብ ውኃ በመቀነሱ እንደገና ፈረቃ ታውጇል፤ ወደ ጎረቤት አገሮች ይላክ የነበረው ኃይልም ለጊዜው ቆሞ ነበር፡፡ የዚህ ዓይነት ጨለማ ምልክቱ በፕሮግራም መምጣቱና አገር አቀፍ መሆኑ ነው፡፡

ሁለተኛው የዋናው ማስተላለፊያ መስመር መውደቅ ነው፡፡ በአንድ ከፍተኛ መስመር ወይም ጣቢያ ላይ ችግር ሲፈጠር የተያያዙት ሁሉ እንደ ተደረደረ ጡብ ይከተሉና ብዙ ከተሞች በአንድ ደቂቃ ይጨልማሉ፡፡ ይህ ጨለማ ሰፊ ቢሆንም ብዙ ጊዜ ዕድሜው አጭር ነው፤ መሐንዲሱም፣ ሹሙም፣ ሬዲዮውም ስለሚያውቀው ይሯሯጡለታል፡፡ የማማ ብረት የሚፈቱ ሌቦች ለዚህ ዓይነቱ አደጋ አንዱ ምክንያት እንደሆኑ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል በተደጋጋሚ ሲያሳስብ ቆይቷል፡፡

ሦስተኛው የስርጭት መስመሩ ሕመም ነው፡፡ ዛፍ ሲነካው፣ የበሰበሰ ምሰሶ ሲጋደም፣ ነፋስ ሽቦውን ሲያጋጨው፣ መብረቅ ሲመታው፣ ትራንስፎርመር ከአቅሙ በላይ ተጭኖ ሲቃጠል አንድ ሠፈር ወይም አንድ ከተማ ብቻውን ይጨልማል፡፡ ጎረቤት ከተማ መብራት አለ፤ እዚህ የለም፡፡ ይህ ጨለማ በዜና አይነገርም፤ በፕሮግራም አይመጣም፤ ለሰዓታትም ለቀናትም ሊቆይ ይችላል፡፡ እንደ ሁምቦ ያለ የወረዳ ገበያን ደጋግሞ የሚጎበኘው ይኸኛው ነው፡፡

ልብ ማለት የሚገባው፣ ለሦስተኛው ጨለማ የግድብ መጨመር ብቻውን መድኃኒት አለመሆኑን ነው፡፡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀውና 5 ሺህ 150 ሜጋ ዋት አቅም ያለው ታላቁ የህዳሴ ግድብ የመጀመሪያውን ጨለማ ሊያርቅ ይችላል፡፡ በምስጥ የተበላን ምሰሶ ግን ቀጥ አያደርግም፡፡ ደቡብ አፍሪካ ለዓመታት ሕዝቧን በፈረቃ ያኖረችው፣ በአውሮፓውያኑ 2023ም የባሰባት የማመንጫ ጣቢያዎቿ ስላረጁና ስለተበላሹ ነበር፡፡ ሽቦው አለ፤ ኃይሉ የለም፡፡ በእኛ ወረዳዎች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ ተገልብጧል፤ ኃይሉ አለ፣ የሚያደርሰው ሽቦ ደክሟል፡፡

አገር አቋራጭ አውቶቡስ

“ታዲያ ያ ትልቅ መስመር በአጠገባችን ሲያልፍ ለምን ትንሽ አይቆነጠርልንም?” የሚለው ጥያቄ በሶዶ ዙሪያ የተለመደ ነው፡፡ መልሱ በትራንስፖርት ምሳሌ ይቀላል፡፡ የ400 ሺህ እና የ500 ሺህ ቮልት መስመር መንገድ ላይ ተሳፋሪ የማያነሳ አገር አቋራጭ አውቶቡስ ነው፡፡ የሚቆመው መናኸሪያ ላይ ብቻ ነው፡፡ መናኸሪያው ማከፋፈያ ጣቢያው ሲሆን፣ እዚያ ኃይሉ ከከፍተኛው ወደ 132 ሺህ፣ ከዚያም ወደ 33 ሺህ ወይም 15 ሺህ ቮልት ይወርዳል፡፡ ከዚያ በኋላ እንደ ታክሲ በየሠፈሩ እየዞረ በምሰሶ ላይ ወዳሉት ትራንስፎርመሮች ይደርስና ወደ 380 እና 220 ቮልት ወርዶ ቤት ይገባል፡፡

ወደ ኬንያ የሚሄደው መስመር ደግሞ ከዚህም ይብሳል፡፡ የሚጓዘው በቀጥተኛ ኮረንቲ በመሆኑ በሁለቱ ጫፎች፣ በሶዶና በሱስዋ፣ ከተሠሩት ግዙፍ የመለወጫ ጣቢያዎች በቀር በመካከል አንድም ቦታ በተራ ትራንስፎርመር ሊቀነስ አይችልም፡፡ በሩቅ መንገድ ላይ ብክነቱን ለመቀነስ የተመረጠው ዘዴ ራሱ በመንገዱ ላይ ያለውን ቀበሌ የማይመለከት ነው፡፡

ስለዚህ የሁምቦ ነጋዴ ዕጣ የተንጠለጠለው በአውቶቡሱ ሳይሆን በታክሲው ላይ ነው፡፡ እዚህ ላይ የባለቤትነቱ ጉዳይም ይነሳል፡፡ ኤሌክትሪክን በ1948 ዓ.ም. በተቋቋመው መብራትና ኃይል ባለሥልጣን፣ ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ኮርፖሬሽን አንድ ቤት ሥር የነበረው ሥራ በ2006 ዓ.ም. ለሁለት ተከፍሏል፡፡ ማመንጫውና ከፍተኛው ማስተላለፊያ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ሲሆን፣ ስርጭቱ፣ ቆጣሪውና ሒሳብ መሰብሰቡ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ድርሻ ነው፡፡ የመጀመሪያው ሜጋ ዋት ሸጦ ዶላር ያገኛል፤ ሁለተኛው በየሠፈሩ ምሰሶ ይተክላል፣ ከደንበኛው ብር ይሰበስባል፣ ስድቡንም ይቀበላል፡፡ አንድ ነጋዴ አቤት ሲል ለየትኛው እንደሚል ካላወቀ ከቢሮ ቢሮ መመላለሱ አይቀርም፡፡

“ተዳከመ” የሚባለው ኮረንቲ ሒሳብ

መብራት መጥፋቱን ሁሉም ያያል፡፡ የማይታየው ግን “መብራት አለ፣ ጉልበት የለውም” የሚባለው ነው፡፡ ለነጋዴ ይህ ከጨለማው የከፋ ኪሳራ ነው፤ ምክንያቱም ጨለማ ሥራ ያስፈታል እንጂ ሞተር አያቃጥልም፡፡

እንበልና አንድ ወፍጮ ባለ 20 ፈረስ ጉልበት፣ ማለትም 15 ኪሎ ዋት ያህል ሞተር ተገጥሞለታል፡፡ ሙሉው 380 ቮልት ሲደርሰው 30 አምፔር ገደማ ይስባል፡፡ መስመሩ ተዳክሞ 320 ቮልት ብቻ ሲመጣለት ያንኑ እህል ለመፍጨት ወደ 35 አምፔር መሳብ ግድ ይሆንበታል፡፡ በሽቦው ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት የሚያድገው አምፔሩ በራሱ ተባዝቶ ነውና ሞተሩ ከተሠራለት ልክ 40 በመቶ ያህል አብልጦ ይግላል፡፡ ወፍጮ ቤቱ ይፈጫል፤ ዱቄቱም ይወጣል፤ ሞተሩ ግን ከውስጥ እየነደደ ነው፡፡ አንድ ቀን ጭስ ሲወጣ ባለቤቱ “ዕድሌ” ይላል፤ ዕድል ሳይሆን ሒሳብ ነበር፡፡

ከዚህም የከፋው ከሦስቱ ፌዝ አንዱ ሲቀር ነው፡፡ በቤት ውስጥ አምፖል ይበራል፤ ባለ ሦስት ፌዝ ሞተር ግን በሁለቱ ብቻ ለመዞር ሲታገል በደቂቃዎች ውስጥ ሊቃጠል ይችላል፡፡ በየከተማው ያሉ ሞተር ጠምጣሚዎች ሥራ የማያጡት በአብዛኛው ከዚህ የተነሳ ነው፡፡ የጥምጠማው ዋጋ፣ ሞተሩ እስኪመለስ የቆመበት ቀንና ወደ ሌላ ወፍጮ የሄደው ደንበኛ ሲደመር የአንድ ወር ትርፍ ይበላል፡፡

የኮረንቲው መዳከም ከየት መጣ? ከርቀትና ከጭነት ነው፡፡ ውኃ በረጅምና ቀጭን ቱቦ ሲሄድ ጫፍ ላይ እንደሚንጠባጠብ ሁሉ፣ ኤሌክትሪክም በረጅምና ቀጭን ሽቦ ሲሄድ መንገድ ላይ ይቀራል፡፡ የቀረው ሽቦውን አሙቆ ወደ አየር ይተናል፡፡ መስመሩ ሲዘረጋ ጥቂት መቶ አምፖሎች ታስበው ይሆናል፡፡ ዛሬ በዚያው ሽቦ ላይ የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ ማቀዝቀዣ፣ ብየዳ፣ የውኃ ፓምፕና ሁለት ሦስት ወፍጮ ተንጠልጥለዋል፡፡

የምጣዱን ነገር ብቻ ብንወስድ፣ አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ነጥብ 5 ኪሎ ዋት ያላነሰ ይስባል፡፡ በየምሰሶው ላይ በብዛት የሚታየው ባለ 100 ኪሎ ቮልት አምፔር ትራንስፎርመር ሌላ ምንም ሳይጨመርበት በአንድ ጊዜ ሊሸከም የሚችለው ከ30 ያልበለጠ ምጣድ ነው፡፡ በሥሩ ያለው ሠፈር 200 ቤት ከሆነና በዓል ከዋለ የሚሆነውን ለመገመት መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም፡፡ ፊውዙ ይበጠሳል፡፡ ፊውዝ ሲበጠስ ደግሞ አንዳንዱ ወፍራም የመዳብ ሽቦ ያስርበታል፤ ያን ጊዜ የሚበጠስ ነገር ስለጠፋ የሚቃጠለው ትራንስፎርመሩ ይሆናል፡፡ ሁለት ቀን የሚያድነው ብልሃት የሁለት ወር ጨለማ ሊያመጣ ይችላል ማለት ነው፡፡

የጊፋታ ሰሞን

በወላይታ ይህ ሁሉ በአንድ ሰሞን ጎልቶ ይታያል፡፡ የወላይታ ዘመን መለወጫ የሆነው ጊፋታ በመስከረም አጋማሽ ሲቃረብ ገበያው ሌላ መልክ ይይዛል፡፡ ወንዶች ለበሬ መግዣ፣ ሴቶች ለቅቤ ዓመቱን ሙሉ በቡድን ሲቆጥቡ የኖሩት ገንዘብ በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ ገበያ ይፈስሳል፡፡ ዱቄቱ የሚፈጨው፣ ልብሱ የሚሰፋው፣ ፀጉሩ የሚስተካከለው፣ የቤቱ በርና መስኮት የሚበየደው በዚያው ሰሞን ነው፡፡ ለብዙ አነስተኛ ነጋዴ የዓመቱ ትርፍ የሚለቀመው በእነዚህ ቀናት ነው፡፡

መስመሩ የሚፈተነውም በዚያው ሰሞን ነው፡፡ ክረምቱ ምሰሶውን አረስርሶ፣ ዛፉን አሳድጎ፣ ሽቦው ላይ አስደግፎ የሚወጣበት ጊዜ ነውና ጭነቱና ድካሙ አንድ ላይ ይገናኛሉ፡፡ በዚህ ጊዜ የሚጠፋ የአንድ ቀን መብራት በየካቲት ከሚጠፋው አንድ ቀን ጋር እኩል አይደለም፡፡ በየካቲት የተቋረጠ ሥራ ነገ ይሠራል፤ ለጊፋታ ያልተፈጨ እህልና ያልደረሰ ልብስ ግን ገበያው አልፎበታል፡፡

ነጋዴው ምርጫ የለውምና ወደ ናፍጣ ይዞራል፡፡ እዚህም ሒሳቡ ግልጽ ነው፡፡ አንድ ኩንታል በቆሎ ለመፍጨት 5 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ያስፈልጋል ብንል፣ ያንኑ በጀነሬተር ወይም በናፍጣ ሞተር ለመሥራት ከ1 ሊትር ተኩል እስከ 2 ሊትር ናፍጣ ይጠጣል፡፡ የ5 ኪሎ ዋት ሰዓት የመብራት ሒሳብ በአንድ ወገን፣ የ2 ሊትር ናፍጣ ዋጋ በሌላ ወገን አስቀምጦ ማወዳደር ለአንባቢው ይተዋል፡፡ ናፍጣው ደግሞ በሁሉም ቀን በማደያው አይገኝም፤ ከማደያው ውጭ የሚሸጠው በጄሪካን፣ ዋጋውም እንደ ሻጩ ነው፡፡ ልዩነቱን የሚከፍለው ባለ ወፍጮው ብቻ አይደለም፡፡ ጆንያዋን ተሸክማ ከገጠር ቀበሌ የመጣችው እናት ወይ በኩንታሉ ላይ ትጨምራለች፣ ወይ “መብራት ሲመጣ” ተብላ ሌላ ቀን ትመለሳለች፡፡ የሷ የእግር መንገድ በማንም የሒሳብ መዝገብ ላይ አይገባም፡፡

ማሻሻል ሲባል ምን ማለት ነው?

“መስመር ማሻሻል” የሚለው ቃል በስብሰባም በዜናም ይነገራል፡፡ በተግባር ግን የተለያየ ዋጋና የተለያየ ውጤት ያላቸውን አራት ሥራዎች ያቅፋል፡፡

የመጀመሪያው ቮልቴጁን ከፍ ማድረግ ነው፡፡ በ15 ሺህ ቮልት ይሄድ የነበረ መስመር ወደ 33 ሺህ ሲያድግ፣ ያንኑ ጭነት ለማድረስ የሚያስፈልገው አምፔር ከግማሽ በታች ይወርዳል፡፡ በሽቦው ላይ የሚባክነው ኃይል ደግሞ ወደ አንድ አምስተኛ ይቀንሳል፡፡ ጫፍ ላይ ላለ ቀበሌ ከዚህ የሚበልጥ መድኃኒት የለም፡፡ ዋጋው ግን ቀላል አይደለም፤ ስኒዎቹም፣ ትራንስፎርመሮቹም፣ አንዳንድ ጊዜ ምሰሶዎቹም አብረው መለወጥ አለባቸው፡፡

ሁለተኛው ሽቦውን ማወፈር ነው፡፡ የሽቦው ውፍረት እጥፍ ሲሆን ብክነቱ በግማሽ ይቀንሳል፡፡ ሦስተኛው ምሰሶውን መለወጥ ነው፡፡ የባሕር ዛፍ ምሰሶ ርካሽና በአካባቢው የሚገኝ ቢሆንም በደንብ መድኃኒት ካልጠጣ እንደ አባያ ዳር ባለ ሞቃት ቆላ ምስጥና እርጥበት ከሥሩ ይጨርሱታል፡፡ የኮንክሪት ምሰሶ ውድና ከባድ ነው፤ አንዴ ከተተከለ ግን ለብዙ ዓመታት አይነካም፡፡ አራተኛው ትራንስፎርመር መጨመርና ጭነቱን በሦስቱ ፌዝ እኩል ማከፋፈል ነው፡፡ አንድ ትልቅ ትራንስፎርመር ሩቅ ከመትከል ሁለት ትንንሾች ተጠቃሚው አጠገብ መትከል ይሻላል፤ ዝቅተኛው መስመር ባጠረ ቁጥር ኮረንቲው ጉልበቱን ይዞ ይደርሳልና፡፡ ማካፈሉ ደግሞ ከሙያተኛ ጊዜ በቀር ይህን ያህል ወጪ የለውም፤ አንዱ ፌዝ ተጨናንቆ ሁለቱ ባዶ የሚሄዱበት ሠፈር ብዙ ነው፡፡

ከእነዚህ ጋር የሚሄድ፣ ግን ብዙ የማይወራለት ሌላ ሥራ አለ፤ ዛፍ መከርከም፡፡ ለሁምቦ ይህ የተለየ ትርጉም አለው፡፡ ወረዳው በዓለም የታወቀው በመብራት ሳይሆን በዛፍ ነው፡፡ የተራቆተው የሁምቦ ተራራ 2 ሺህ 728 ሄክታር መሬት ከቀረው ጉቶ እንደገና እንዲያቆጠቁጥ ተደርጎ፣ በ2002 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የካርቦን ንግድ ሥርዓት ሲመዘገብ በአፍሪካ በትልቅነቱ የመጀመሪያው የደን ፕሮጀክት ነበር፡፡ ሥራውን ወርልድ ቪዥን ከሰባት የገበሬ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ጋር ሲያካሂድ፣ የዓለም ባንክ የካርቦን ፈንድ 165 ሺህ ቶን ሊገዛ ተዋውሏል፡፡ ማኅበራቱ ከገቢው የእህል መጋዘንና ወፍጮ ለማቆም ተጠቅመውበታል፡፡

ነገሩ እዚህ ላይ ይገጥማል፡፡ ገበሬው ዛፍ ጠብቆ ባገኘው ገንዘብ ወፍጮ ቢያቆም፣ ወፍጮው የሚሠራው ደግሞ አስተማማኝ ኃይል ሲኖር ነው፡፡ ኃይሉ ካልደረሰ ወይ ናፍጣ ይቃጠላል፣ ወይ ወፍጮው ይቆማል፤ በቤት ውስጥም ምጣድ ሲከዳ የሚመለሱት ወደ ማገዶ ነው፡፡ ማገዶው ከየት እንደሚመጣ ተራራው ያውቃል፡፡ ለሁምቦ የሽቦው ጥገናና የደኑ ጥበቃ ሁለት ነገር አይደሉም፡፡

ገንዘቡ ከየት?

የኤሌክትሪክ አገልግሎት ለዓመታት ሲያቀርብ የቆየው ምክንያት አንድ ነው፤ የሚሸጥበት ዋጋ ከሚያስወጣው አንሷል የሚል ነው፡፡ ከ1998 ዓ.ም. ግድም ጀምሮ ሳይነካ የቆየው ታሪፍ በታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. በአራት ዓመት ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር ተደርጓል፡፡ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በየሦስት ወሩ እየተስተካከለ ለአራት ዓመት የሚዘልቅ አዲስ ጭማሪ ሥራ ላይ ውሏል፡፡ ዝቅተኛ ተጠቃሚው ድጎማ እንዲኖረው ቢታሰብም፣ ወፍጮና ብየዳ ግን በዝቅተኛ ተጠቃሚ መደብ ውስጥ አይገቡም፡፡

በሌላ በኩል በ1998 ዓ.ም. ግድም የተጀመረው ሁለንተናዊ የኤሌክትሪክ ተደራሽነት ፕሮግራምና በ2010 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ፕሮግራም በሺዎች የሚቆጠሩ ከተሞችንና የገጠር መንደሮችን ከመስመር ጋር አገናኝተዋል፡፡ በ2011 ዓ.ም. የተከለሰው ዕቅድ በአውሮፓውያኑ 2025 ለሁሉም ኤሌክትሪክ ለማዳረስ ያለመ ነበር፤ እዚያ ሳይደረስ ዓመቱ አልፏል፡፡ እስካሁን ኤሌክትሪክ የሚያገኘው ከሕዝቡ ግማሽ ያህሉ ነው፡፡ የሚታየው ዝንባሌ ግን ትምህርት አለው፡፡ አዲስ መንደር ማገናኘት ይቆጠራል፣ ይመረቃል፣ ፎቶ ይነሳል፡፡ የተገናኘውን መጠገን ግን ሪባን የለውም፡፡ እያንዳንዱ አዲስ መንደር የሚንጠለጠለው ደግሞ በዚያው በደከመው መስመር ጫፍ ላይ ነው፡፡ ሽቦውን ሳያወፍሩ ደንበኛ መጨመር፣ እንጀራ ሳይጨምሩ እንግዳ እንደ መጥራት ነው፡፡

ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ሶዶ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ሆናለች፡፡ መሥሪያ ቤት፣ ሆቴልና ሕንፃ ሲበዛ ኃይሉን የሚሻማው እጅም ይበዛል፡፡ የክልል መቀመጫ መብራት ሲጠፋ የሚደወለው ስልክና የወረዳ ከተማ መብራት ሲጠፋ የሚደወለው ስልክ እኩል እንደማይሰማ ነጋዴው ያውቃል፡፡ ሁምቦን የመሰሉ አጎራባች ወረዳዎች ከአሁኑ ድርሻቸውን በዕቅድ ውስጥ ካላስገቡ የመስመሩ ጫፍ ሆነው መቅረታቸው የማይቀር ነው፡፡

ነጋዴው ምን ያድርግ?

ትልቁ ሥራ የመንግሥት ነው፤ በነጋዴው እጅ ያለው ግን ባዶ አይደለም፡፡ አንደኛ፣ ባለ ሦስት ፌዝ ሞተር ያለው ሁሉ አንድ ፌዝ ሲቀር ወይም ቮልቴጅ ሲወርድ ሞተሩን ራሱ የሚያቋርጥ መከላከያ ማስገጠም አለበት፡፡ ዋጋው ከአንድ ጥምጠማ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው፡፡ ሁለተኛ፣ ሞተር የጨመረ ሁሉ የጨመረውን ያስመዝግብ፡፡ በመዝገብ የሌለ ጭነት ትራንስፎርመር አያስጨምርም፤ ያቃጥላል እንጂ፡፡ ሦስተኛ፣ መብራት የጠፋበት ቀን፣ ሰዓቱና የተመለሰበት ጊዜ በደብተር ይያዝ፡፡ “ሁልጊዜ ይጠፋል” የሚል አቤቱታ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል፤ የሦስት ወር ቀንና ሰዓት የያዘ፣ አሥር ባለ ወፍጮዎችና ብየዳ ቤቶች አብረው የፈረሙበት ወረቀት ግን መልስ ይጠይቃል፡፡ በአዋጅ ቁጥር 810/2006 የተቋቋመውና ኋላ የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን የሆነው ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ታሪፍ ብቻ ሳይሆን የአገልግሎት ጥራትም የሚመለከተው በመሆኑ፣ አቤቱታው ወዴት ሊያድግ እንደሚችል ማወቅም ጥሩ ነው፡፡

አራተኛው ጊዜውን የሚመለከት ነው፡፡ የጊፋታ ጨለማ የሚከለከለው በመስከረም ሳይሆን በግንቦትና በሰኔ ነው፡፡ ዛፉ ከክረምቱ በፊት ይከርከም፤ የተጋደመው ምሰሶ መሬቱ ሳይረጥብ ይቃና፤ የትራንስፎርመሩ ጭነት ከበዓሉ በፊት ይለካ፡፡ ይህን ለመጠየቅ የነጋዴዎች ማኅበርና ቀበሌ አብረው የአገልግሎቱን ቅርንጫፍ በር ማንኳኳት ይችላሉ፤ ለዚህ ኬንያ ድረስ የሚሄድ መስመር አያስፈልግም፡፡ መሰላል፣ መጋዝ፣ የጭነት መለኪያና አንድ ቀን የሚሰጥ የጥገና ቡድን ይበቃል፡፡

ከሶዶ የሚነሳው ኃይል በዶላር መሸጡ ለአገር ጥቅም ነው፤ በዚህ የሚከራከር ነጋዴ በሁምቦም አይገኝም፡፡ ጥያቄው ከዚያ ዶላር ውስጥ ለ17 ኪሎ ሜትሩ መንገድ፣ ለወፍራም ሽቦና ለቀጥ ያለ ምሰሶ ስንቱ ይመለሳል የሚለው ነው፡፡ የኬንያ ደንበኛ ኃይሉ ቢቋረጥበት በውሉ መሠረት ይጠይቃል፡፡ የሁምቦ ባለ ወፍጮም ቆጣሪ ሲያስገባ የፈረመው ውል አለ፡፡